ማስተርሱ ይቅደም ወይስ ጥብቅናው?

ሰሞኑን ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ስለ ወንጀል ሕግና ስለ ወንጀል ፍትሕ ማስተርስ። ወቅቱ ነው መሰለኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሉም ሰው ምዝገባ ትዝ ይለዋል። እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍኩ የዚህን ወር አምድ ለእሱ ለቅቄዋለሁ። የቦታና የውርስ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ወር ጠብቁኝ። ስማችሁን እንዳልጠቅስ ስለለመናችሁኝ የጻፍኩት ሰፈራችሁን ብቻ ነው።

ከአዘዞ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወረዳ ላይ ዓቃቤ ሕግ ሆኜ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስርቆት፣ ድብደባ፣ ግድያ፣ ያላየሁት የለም። የወንጀል ሕግ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ሁለት ዓመት ወረቀት ከምታገላብጥ የጥብቅና ፈቃድህን አውጣ፣ ልጆቹ እያደጉ ነው› ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ሒሳቡን ካንተ በተሻለ ይዛዋለች። የጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቀው የሕግ ዲግሪ፣ ልምድና ፈተና ነው፣ ማስተርስ አይጠይቅም። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቢሮ ከፍተህ የምትቀበለው ደንበኛም «ማስተርስ አለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅህም። የሚጠይቅህ «ልጄን ታስፈታልኛለህ ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ከሆነ እሷ ረታችህ፣ በቃ።

ግን ደብዳቤህ ውስጥ «ያላየሁት የለም» ብለሃል። እስቲ እዚያ ላይ እንቆይ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትከስ ከኖርክ አንድ ጥግ ላይ የቀረብህ ነገር ይኖራል። መዝገቡ ተዘግቶ፣ ፍርዱም ተሰጥቶ፣ አንተ ግን ቤትህ ገብተህ እራት ስትበላ የሚመጣብህ። የኔ ዋስትና ነበር። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ምን እንደሚል ታውቃለህ። ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ተጎጂው ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ዋስትና የለም። እሺ። ግን ወንጀሉ የትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ መጀመሪያ የሚወስነው ማን ነው? አንተና እኔ ነን፣ ዓቃቤ ሕጎቹ። ከበድ ያለውን አንቀጽ ከጠቀስን ሰውየው ማረፊያ ቤት ይከርማል። ምስክር ተሰምቶ ነገሩ ወደ ቀላሉ አንቀጽ ሲወርድ ወራት አልፈዋል። የታሰረበትን ጊዜ ማን ይመልስለታል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ደግሞ ተከሳሹ በፍርድ ሂደት እያለ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። እኔ ይህን ለዓመታት በእጄ ስሠራው ኖሬ ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። ክፍል ገብቼ ነው ሌሎች አገሮች ዋስትናን ከአንቀጹ ክብደት ጋር ሳይሆን ሰውየው ይጠፋል ወይ፣ ማስረጃ ያበላሻል ወይ ከሚለው ጋር እንደሚያያይዙት ያነበብኩት፣ ከዚያ በኋላ ክስ ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኝ ጀመር።

ማስተርስ የሚሰጥህ ይህን ነው። የማይሰጥህንም ልንገርህ። መስቀለኛ ጥያቄ አያስተምርህም። ምስክር አያስቀርብልህም። ክስ አጻጻፍህንም በአንድ ጀምበር አያሻሽለውም። እሱን ከአንድ አንጋፋ ጠበቃ ጎን ተቀምጠህ ትማረዋለህ፣ ያውም በነጻ።

የኔ ምክር? እንዲህ ያለ ጥያቄ ካለህ ሥራህን ሳትለቅ ተማር። የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ ወይም የክረምት ፕሮግራም ፈልግ። ዓቃቤ ሕግነቱን ለቀህ ብትማር መዝገቦቹን ከውጭ ሆነህ ልትለምን ነው። ጥብቅናው የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሃል። በዚያ ላይ ዓቃቤ ሕግ ሆነህ የግል ጥብቅና መሥራት ስለማትችል ሁለቱን አንድ ላይ አገኛለሁ ብለህ አትድከም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መሥሪያ ቤትህ ስፖንሰር ሆኖ ካስተማረህ የአገልግሎት ግዴታ ውል ያስፈርምሃል። አንብበው። እኔ የሕግ ሰው ነኝ ባዩ የራሴን ውል ሳላነብ ፈርሜ፣ ተመርቄ ስመለስ የማልፈልገው ቦታ ተመደብኩ። «ውሉ ላይ እኮ አለ» አሉኝ። አለ። ያውም በደማቅ።

ከማራኪ

«ሰላም ጋሼ። እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፣ ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት። ወንጀል ነክ ነገር ግን ነፍሴ ነው። ሕግ ሳልማር የወንጀል ሕግ ማስተርስ ውስጥ መግባት እችላለሁ?»

እህቴ፣ «የወንጀል ሕግ» ካልሽው አትችይም። ኤል ኤል ኤም የሚባለው የሕግ ማስተርስ በሩ የሚከፈተው የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪ ላለው ሰው ነው። ግን አንች የፈለግሽው እሱን አይመስለኝም። ሰው የሚያምታታቸው ሦስት ነገሮች ስላሉ በምሳሌ ላስረዳሽ።

ፒያሳ ላይ፣ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ልጅ ሞባይል ተቀማ እንበል። የወንጀል ሕግ የተማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኃይል ተጠቅሟል ወይ?» ብሎ ነው። መንትፎ ከሮጠ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ወይም 669 ነው፣ ስርቆት። ጉሮሮውን አንቆ ከወሰደ 670 ነው፣ ውንብድና። ቅጣቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የወንጀል ሳይንስ፣ ማለትም ክሪሚኖሎጂ የተማረው ሰው ደግሞ ለአንቀጹ ደንታ የለውም። ለምን ፒያሳ? ለምን በዚያ ሰዓት? የተሰረቀውን ሞባይል በማግሥቱ የሚገዛው ማን ነው? ገዢው ባይኖር ሌባው ይሰርቅ ነበር ወይ? ሕጉም በአንቀጽ 682 የተሰረቀ ዕቃ የሚሸሽገውን ሰው ይቀጣል፣ ግን ስንት ጊዜ ሲከሰስ አየሽ? ይኸው እንግዲህ ያንች ቤት። የወንጀል ፍትሕ የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ ፖሊሱን፣ ዓቃቤ ሕጉን፣ ፍርድ ቤቱንና ማረሚያ ቤቱን እንደ አንድ ሰንሰለት አድርጎ ያያል፤ ሰው ከየትኛው ቀለበት ሾልኮ ይወጣል፣ የትኛው ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል እያለ።

ስለዚህ ክሪሚኖሎጂ፣ የወንጀል ፍትሕ ወይም ሶሻል ወርክ የሚል ፕሮግራም ፈልጊ። ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ዘርፍ ያስተምራል፣ እሱንም ተመልከች። ዘንድሮ ማን ምን ከፍቷል የሚለውን በቴሌግራም ወሬ አትመኚ። እግርሽ እስኪነቃ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። ደግሞ የሶሲዮሎጂ ዲግሪሽን አትናቂው። መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ሰው ማነጋገር፣ ቁጥር ማንበብ የሕግ ተማሪዎች በማስተርስ ላይ ላባቸው ጠብ እስኪል የሚማሩት ነገር ነው። አንች ይዘሽው ትገቢያለሽ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከአራዳ

«ጋሼ፣ ጨንቆኛል። የጥናት ርዕሴን ‹የወንጀል ፍትሕ ሥርዓት በኢትዮጵያ፦ ችግሮቹና መፍትሔዎቹ› ብዬ አቀረብኩ። አማካሪዬ ‹ይሄ የአንድ ዕድሜ ሥራ ነው› ብለው መለሱልኝ። ሁለተኛ ደግሞ ‹ሽምግልና በሰሜን ጎንደር› አልኩ፣ እሱንም ሰፊ ነው አሉኝ። ምን ላድርግ?»

አማካሪህ ደግ ሰው ናቸው። የኔ አማካሪ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብለውኝ ስምንት ወር ባክኜበታለሁ። የመጀመሪያውን ርዕስ ጣለው። «ችግሮቹና መፍትሔዎቹ» የሚል ነገር በሙሉ ጣለው። ሁለተኛውን ግን አትጣል፣ ሰንጥቀው። ፍም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህና የማውቀውን ታውቃለህ። ገጠር ላይ ሰው ይገደላል። ገዳዩ ይያዛል ወይ ይሸፍታል። የሟች ወገን ደም ሊመልስ ያስባል። ሽማግሌ ይገባል፣ ካህናት መስቀል ይዘው ይመጣሉ፣ መሐላ ይደረጋል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ደሙ ደረቀ ይባላል። በዚህ ጊዜ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ያው ነገር በወረቀት እየሄደ ነው። ግድያ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ስላልሆነ የሟች ወገን «ታርቀናል» ቢልም ዓቃቤ ሕግ ክሱን አይተወውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ 5 የባህልና የሃይማኖት ሕግን ያስጠጋው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ስለ ወንጀል ምንም አላለም። ስለዚህ ሁለት ፍርድ በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዱ በዋርካ ሥር፣ አንዱ በችሎት።

አሁን ጥያቄ ጠይቅ። ሁለቱ የሚጋጩት የት ላይ ነው? ሦስት ቦታ ልጠቁምህ፣ አንዱን ብቻ ውሰድ።

የመጀመሪያው ምስክር ነው። ዕርቁ ሲወርድ ምስክሩ ቃሉን ያጥፋል። ፖሊስ ጣቢያ «ሲተኩስ አይቻለሁ» ያለው ሰውዬ ችሎት ቀርቦ «ጨለማ ነበር» ይላል። ዓቃቤ ሕግ የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 145 ጠቅሶ የፖሊስ ቃሉን ያቀርባል፣ ዳኛው ይመረምራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ማስረጃው ተሸርሽሮ የዚያው ሕግ አንቀጽ 141 ላይ ይወድቅና ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ለምስክሩ ይህ ሐሰት አይደለም። ለእሱ መሐላው የሚያስረው ሽማግሌ ፊት የማለው ነው፣ ችሎት ላይ የማለው አይደለም። የወንጀል ሕጉ ግን ሐሰተኛ ምስክርነት ብሎ በአንቀጽ 453 ይጠራዋል። ይህን ሰው ማነው የሚከሰው? ይከሰሳል ወይ? ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ነው።

ሁለተኛው ቅጣት ነው፣ ለእኔ በጣም የሚጣፍጠኝ ይሄኛው ነው። ተከሳሹ ተፈርዶበታል እንበል፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540፣ በተራ ግድያ፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት። ጠበቃው ተነሥቶ «ታርቋል፣ ካሣ ከፍሏል» ይላል። ዳኛው ይህን የት ያስገባዋል? አንቀጽ 82(1)(ሠ) የሚናገረው ስለ እውነተኛ ጸጸትና በተቻለ መጠን ጉዳትን ስለመካስ ነው። ዕርቅ ጸጸት ነው ወይ? ካሣውን የከፈለው ዘመዱ ከሆነስ? ወንድሞቹ በሬ ሸጠው ቢከፍሉለት የማን ጸጸት ይባላል? አንዳንዱ ዳኛ በ82 ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ሕጉ ያልዘረዘራቸውን ምክንያቶች በሚመለከተው በ86 ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይቀበለውም ይሆናል። የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ደግሞ አለ፣ መጀመሪያ በ2002 የወጣው፣ በኋላ በ2006 የተሻሻለው፤ ማቅለያ በተያዘ ቁጥር እርከኑ ይወርዳል፣ እርከን ማለት ደግሞ ወራትና ዓመታት ማለት ነው። ስለዚህ ርዕስህ ይህ ሊሆን ይችላል፦ «የደም ዕርቅ እንደ ቅጣት ማቅለያ፣ የአንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአምስት ዓመት የግድያ መዝገቦች»። አየህ፣ መጠኑ ከወገብህ ጋር ተስተካከለ። መዝገብ ትቆጥራለህ፣ ዳኛው ምን ብሎ እንደጻፈ ታያለህ፣ ከፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔ ቅጾች ጋር ታስተያያለህ። የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስር ለአንተ አልነግርህም።

ሦስተኛው ሴቷ ናት። ካሣው ሲቆረጥ የሟች ሚስት የት ተቀምጣለች? ገንዘቡ የሚደርሰው ለእሷና ለልጆቿ ነው ወይስ ለሟች ወንድም? «ታርቀናል» ያለው ማን ነው? አንድ ሰሞን በሥራ ምክንያት አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። ባሏ ስለሞተበት ነገር ዕርቅ መውረዱን የሰማችው ገበያ ላይ ከጎረቤት ነው። ርዕሱን እኔ ሳልሠራው ቀርቼ እስካሁን ይቆጨኛል። ከወሰድከው ግን እህት ተማሪ አብራህ ብትጠይቅልህ ይሻላል፤ ላንተ የማይነገር ለእሷ ይነገራል።

የትኛውንም ብትይዝ ጥቂት ነገር አስብ። የተዘጋ መዝገብ ብቻ ተመልከት፣ ክርክር ላይ ያለውን ተወው። የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍልህ ያዝ፣ አንድ ሳይሆን አምስት ኮፒ። እኔ ደብዳቤዬን ይዤ አንድ መዝገብ ቤት ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ተብዬ ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ፣ በአራተኛው ሳምንት ኃላፊው ተቀይሮ ደብዳቤው ጠፋ። ታገሥ። የሰው ስም ከማስታወሻህ ላይ ሳይቀር አጥፋ፣ ቁጥር ስጠው። ከሁሉም በላይ ቤተሰብ ልታነጋግር ቀበሌ ስትገባ ቀድመህ ሽማግሌዎቹን አማክር። ደረቀ የተባለውን ደም አንተ በጥያቄህ እንዳታረጥበው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሰው የሚነግርህ በአማርኛ ነው፣ መዝገቡ አማርኛ ነው፣ ሕጉም የሚገዛው የአማርኛው ቅጂ ነው፣ አንተ ግን ጥናትህን የምትጽፈው በእንግሊዝኛ። «ደም ማድረቅ»ን በሁለት ቃል ተርጉመህ እለፍ ብትል ግማሹ ይፈስብሃል። ዕርቅ፣ ካሣና ጉማ አንድ አይደሉም፤ ጉማ የኦሮሞ ነው፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ቃሉን እንዳለ ተወውና አንዴ በደንብ አብራራው። ፈታኞቼ ካነሱብኝ ጥያቄዎች ግማሹ የመጣው እኔ ቸኩዬ ከተረጎምኳቸው ቃላት ነው።

ከቀሃ፣ አንድ አባት

«ልጄ እንደምን ከርመሃል። የልጄ ልጅ የወንጀል ሕግ ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ ይላል። እኔ የምጠይቅህ፣ የፈረንጁን ሕግ ነው የሚያስተምሩት ወይስ የአባቶቻችንንም ፍርድ? አያቴ ስለ አውጫጭኝ ይነግሩኝ ነበር። ያ ተረስቶ ቀረ?»

አባቴ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ የሚበዛው ከውጭ የመጣው ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊዘርላንድ ሰው ናቸው። በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የአሁኑ የወንጀል ሕግም አጥንቱ ከዚያው ነው። ከእነሱ በፊት የ1923ቱ ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እርስዎ የሚያውቁት ፍትሐ ነገሥት። እዚህ ፋሲል ግንብ ውስጥ ነገሥታቱ ችሎት ሲቀመጡ የሚጠቀሰው እሱ ነበር። የሕግ ታሪክ ሲማሩ ያነሡታል። ግን እንደ ታሪክ ነው።

አውጫጭኝን ግን እንደ ተረት ብቻ ባያዩት ደስ ይለኛል። ወንጀሉ የተሠራበት አገር ሰው በሙሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ ያየውንና የሰማውን እስኪናገር አይበተንም፣ የቀረም ይቀጣል። አሁን ክፍል ውስጥ ይህን ሲያነሡ ተማሪው ሁለት ይከፈላል። አንዱ «ንጹሑን ሁሉ አስረው የሚመረምሩት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?» ይላል፣ የዛሬው ሕግ ጥፋቱን በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ ነው የሚያስቀምጠውና። ሌላው ደግሞ «ዛሬ ምስክር የሚጠፋው እኮ ሁሉም ‹እኔን አያገባኝም› ስለሚል ነው» ብሎ ይመልሳል። ቁራኛም እንዲሁ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ዳኛ መሄዳቸው ለዛሬ ሰው ያስቃል። ግን ከሳሹም አብሮ ስለሚታሰር በከንቱ የሚከስ ሰው ሁለቴ ያስብ ነበር። ልመልሰው እያልኩ አይደለም፣ አይምሰልዎ።

ከፈረንጅ መጣ የተባለው ሁሉ ግን ባዕድ ሆኖ አልቀረም። የ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 281 ዘር ማጥፋትን ሲተረጉም የፖለቲካ ቡድንንም አካትቶ ነበር፣ ዓለም አቀፉ ስምምነት ያላካተተውን። ደርግ ወድቆ የቀይ ሽብር ክስ ሲመጣ፣ በ1984 ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቁሞ በ1987 ችሎቱ ሲጀመር፣ ክሱ የቆመው በዚያ አንቀጽ ላይ ነው። በ1999 ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉትም በዚያው ነው። ጠለፋንም ይውሰዱ። የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ በር ትቶ ነበር፤ የ1996ቱ ያንን በር ዘጋው። ይህን የዘጉት የአገራችን ሴቶች ናቸው፣ በጩኸታቸው።

የልጅ ልጅዎን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱን ካወቀ ግማሹን ትምህርት ጨርሶታል። ካላወቀ እርስዎ ያስተምሩት፣ እኔ አልገባበትም።

ከደባርቅ

«ውጭ አገር ሄጄ ብማር ብዬ አስባለሁ፤ ግን ሳንቲም የለኝም። ምን አማራጭ አለ?»

እንግሊዝ አገር የሕግ ማስተርስ ባብዛኛው አንድ ዓመት ነው፣ 180 ክሬዲት። ከኪስህ እከፍላለሁ ካልክ ቤት ሽጠህም አይበቃም። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርስ ደግሞ አገርህ ተመልሰህ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ግን ጓደኛህ ቢልክልህም አትድከም፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ሰው ብዙ የማያውቀው አንድ ቦታ ልንገርህ። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን አካባቢ፣ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የደቡብ አፍሪካና የጀርመን የድንበር ተሻጋሪ ወንጀል ፍትሕ ማዕከል አለ። ከበርሊኑ ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ። ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ የሕግ ምሩቃንን በማስተርስም በዶክትሬትም ያስተምራል፣ ዳድ በሚባለው የጀርመን ተቋም በኩል ድጋፍ ይሰጣል። ለዚህ አገር ሰው ከዚያ የተሻለ የሚገጥም አላየሁም። መተማ መንገድ ላይ ሰው የሚያሻግሩትን ደላሎች አስብ። ወጣቱ ከኛ መናኸሪያ ይነሣል፣ ገንዘቡ ሌላ አገር ይከፈላል፣ ማሰቃየቱ ሊቢያ ይደርሳል። በሰው መነገድንና ሰው ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቷል፣ ጥሩ አዋጅ ነው፣ ግን ማስረጃው ሦስት አገር ተበትኖ አንተ ጎንደር ላይ በምን ታስረዳለህ? ሞቲቬሽን ደብዳቤህን በዚህ ጀምር። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍትሕ ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» ብለህ አትጀምር፣ ስለ ማርያም። አንባቢው በዚያ ቀን ያንን ዓረፍተ ነገር ከሃምሳ ሰው አንብቦታል።

ቶሎ ቶሎ

«ጋት ሳልወስድ መመዝገብ እችላለሁ?» አትችልም። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ለሕግም ለሌላውም ግዴታ ነው።

«ፈተናው ሒሳብ አለው?» አለው። አውቃለሁ፣ ሕግ የገባነው ከሒሳብ ልንሸሽ ነበር። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ከታናሽህ ተዋስ።

«የወንጀል ሕግ ይሻላል ወይስ የንግድ ሕግ?» ለኪስ ከሆነ ንግድ።

«ስንት ዓመቴ ላይ ብማር ጥሩ ነው?» እኔ ጋር በ52 ዓመታቸው የተማሩ ዳኛ ነበሩ። ከሁላችንም በላይ የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ፣ እሳቸው ከጠየቁ በኋላ ደግሞ መምህሩ ራሱ «ይህን ቤቴ ሄጄ ላንብበው» ይል ነበር።

«ባለቤቴ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደጻፍኩልህ አውቃለች፤ ምን ልበላት?» አዘዞ፣ አንተ ነህ? ሁለት ደብዳቤ በአንድ ወር! መልሱን አብራችሁ አንብቡት።